ለኳስና ለሰርግ ጭፈራ የሚሆን ያገለገለ ዲኤስኤልአር ካሜራ እንዴት ይመረጣል?

ከደሴም ከኮምቦልቻም ተደጋግሞ የሚደርሰን ጥያቄ አንድ ነው፦ «ይህን ካሜራ አግኝቻለሁ፤ ኳስና ሰርግ ላነሳበት ነው፤ ልግዛው?» ከጥያቄው ጋር የካሜራው የፊት ገጽታ ይላካል፤ ከሥሩ «24 ሜጋ ፒክስል፣ በጥሩ ይዞታ ላይ ያለ» ተብሎ ይጻፋል። በዚህ ብቻ ግዙ ወይም ተዉት ማለት አይቻልም። የደሴው ሆጤ ሜዳ ላይ ኳስ የሚመታን እግር አቁሞ የሚይዘው ሜጋ ፒክስሉ ሳይሆን ሻተሩ (ብርሃን እንዲገባ ለቅጽበት የሚከፈተው መጋረጃ)፣ ሌንሱና ፎከሱ (ሰውየው ጥርት እንዲል በርቀቱ ልክ የሚያስተካክለው) ነው። ሦስቱም በእጅ ተይዘው ካልተፈተኑ አይታወቁም።

ቆሞ የሚነሳን ሰው ማንኛውም ዲኤስኤልአር ያነሳዋል። ከዚህ በታች ያለው የሚሮጥ፣ የሚዘልና የሚጨፍር ሰው ለምታነሱ ነው። ቅደም ተከተሉን ጠብቁ፤ የአንዱ ደረጃ መልስ ለቀጣዩ ስለሚያስፈልግ ዘሎ መሀል ላይ መጀመር ገንዘብ ያስበላል።

ወደ ሻጭ ስትሄዱ የምትይዙት

- ላፕቶፕ፣ የሚሞሪ ማንበቢያና የካሜራው ገመድ። ለአብዛኞቹ የቆዩ ካኖኖች ሚኒ ዩኤስቢ ይበቃል፤ ለ7ዲ ማርክ 2 ሰፊው የዩኤስቢ 3 ማይክሮ ገመድ ያስፈልጋል።
- የራሳችሁ ሚሞሪ። ኤስዲ ከሆነ 32 ጊጋ፤ ካኖን 7ዲ ወይም 5ዲ ማርክ 2 ልታዩ ከሆነ ግን ሲኤፍ የሚባለው ሰፋ ያለ ሚሞሪ። የሻጩን ሚሞሪ ብትጠቀሙ ፎቶዎቹን ቤት ወስዳችሁ በእርጋታ ማየት አትችሉም።
- ትንሽ የእጅ ባትሪ፣ የሌንስ ውስጥ ለማየት።
- ጥቃቅን ጽሑፍ ያለበት ጋዜጣና ፕላስተር።
- ለመሮጥ ፈቃደኛ የሆነ አንድ ጓደኛ። ይህ ቀልድ አይደለም፤ ደረጃ 5 ላይ ያለ እሱ ፈተናው አይሠራም።

1. የምታነሱትን ነገር ፍጥነትና ርቀት ወረቀት ላይ ጻፉ

የካሜራ ስም ከመጥራታችሁ በፊት ሰውየው ምን ያህል እንደሚፈጥንና እናንተ ከምን ያህል ርቀት እንደምትቆሙ ጻፉ። ፍጥነቱ የሻተሩን ቁጥር ይነግራችኋል፤ ርቀቱ ሌንሱን።

ለኳስ የሻተር መነሻ 1/1000 ሰከንድ ነው። የመቺው እግርና የምትበረው ኳስ ጥርት ብለው እንዲወጡ ግን 1/1600 ወይም ከዚያ በላይ ያስፈልጋል። እስክስታ ላይ 1/500 ትከሻውንም ያቆመዋል፤ በ1/250 ፊቱ ጥርት ብሎ ትከሻው በመጠኑ ይደበዝዛል። ብዙ ሙሽሮች ሁለተኛውን ይወዱታል፤ ጭፈራው ጭፈራ ይመስላል። ለሙሽሮች መግቢያ፣ ለጥምቀት አጀብ፣ መንዙማ ላይ ለሚወዛወዝ ጀመዓ 1/250 ይበቃል።

ርቀቱን በቁጥር እንየው። ሴንሰሩ (ምስሉን የሚቀበለው ሰሌዳ) አነስ ያለ ካኖን (7ዲ፣ 70ዲ፣ 80ዲ እና 700ዲ በሙሉ እንዲህ ናቸው) ላይ 200 ሚሊ ሜትር ሌንስ ገጥማችሁ ካሜራውን በአግድም ስትይዙ፣ 30 ሜትር ላይ ያለ ተጫዋች ከራስ እስከ እግሩ ፍሬሙን ሊሞላ ምንም አይቀረውም። ከጎል መስመር ኋላ ተቀምጣችሁ መሀል ሜዳ ላይ ያለውን፣ ማለትም ከ50 ሜትር በላይ የራቀውን ብታነሱ ግን ቁመቱ የፍሬሙን ግማሽ እንኳ አይሞላም። ስለዚህ 200 ሚሊ ሜትር ላለው ሰው ሥራው ፍጹም ቅጣት ምት ክልሉና አካባቢው ነው። መሀል ሜዳውን ደጋግማችሁ አንስታችሁ ኋላ በኮምፒዩተር ብትቆርጡት ጥራቱ ይወርዳል፤ ሚሞሪውም በከንቱ ይሞላል።

ሰርግ ላይ ነገሩ ተቃራኒ ነው። ዳስ ውስጥ ኋላ የምትሉበት ቦታ የለም። 50 ሚሊ ሜትር ሌንስ በዚያው ካሜራ ላይ 4 ሜትር ርቀት ላይ በቁም ተይዞ እንኳ አንድ ሰው ከነሙሉ ቁመቱ ብቻ ነው የሚይዘው። ክብ ሠርተው የሚጨፍሩትን ለመያዝ ወደ 18 ሚሊ ሜትር የሚወርድ ሌንስ የግድ ነው።

2. ገንዘባችሁን ከመነሻው ክፈሉት

ከያዛችሁት ብር ቢያንስ ግማሹን ለሌንስ፣ አንድ አሥረኛውን ለሚሞሪና ለትርፍ ባትሪ መድቡ፤ የቀረው ለቦዲ፣ ማለትም ሌንስ ለሌለው ካሜራ፣ ነው። ብዙ ሰው ብሩን በሙሉ ቦዲው ላይ ያፈስና ከካሜራው ጋር በመጣው 18-55 ኳስ ለማንሳት ይወጣል። ያ ሌንስ ወደ ጫፉ ሲሳብ ቀዳዳው ኤፍ 5.6 ስለሚደርስ (የኤፍ ቁጥሩ በጨመረ ቁጥር ቀዳዳው ይጠባል) ብርሃን ያንሳል፤ 55 ሚሊ ሜትርም ሜዳ ላይ ቅርብ ነው። ቦዲ በየጊዜው ዋጋው ይወርዳል፤ ጥሩ ሌንስ ግን ሦስት አራት ቦዲ ይቀያይራል።

ሥራችሁ ሰርግ ብቻ ከሆነ ከቦዲው ዋጋ ላይ ቀንሳችሁ ፍላሽ ግዙ። አዳራሽ ውስጥ ዳንሰኛን የሚያቆመው የፍላሹ ብልጭታ ራሱ ነው፤ ብልጭታው ከሻተሩ እጅግ ያጠረ ስለሆነ ሻተሩ 1/200 ላይ ቢሆንም ትከሻው ጥርት ብሎ ይወጣል። በዚህ ሁኔታ በሰከንድ 8 ፎቶ የሚያነሳ ካሜራ ጥቅም የለውም፤ ፍላሹ እስኪሞላ መጠበቅ ስላለባችሁ።

3. ቦዲውን ምረጡ

መጀመሪያ የምታዩት የፎከስ ነጥቦቹን ነው። በቁምም በአግድምም መስመር የሚያነብ ነጥብ ክሮስ ታይፕ ይባላል። በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያነብ ነጥብ ባለ ሰንበር ማሊያ ላይ ሲያርፍ ይወላውላል፤ ክሮስ የሆነው ግን ይይዛል። ቀጥሎ በሰከንድ ስንት ፎቶ እንደሚያነሳ፣ ከዚያ ሚሞሪው ላይ ጽፎ እስኪጨርስ ሳይቆም ስንት ፎቶ እንደሚይዝ፣ ማለትም በፈሩን ተመልከቱ። ጎል ከመግባቱ በፊት በፈሩ ከሞላ ካሜራው ጎሉ ሲገባ ዝም ይላል።

ካኖን ለምትፈልጉ፦

- 7ዲ። 19 ነጥብ፣ ሁሉም ክሮስ፤ በሰከንድ 8 ፎቶ። ገንዘብ ላነሰውና በቀን ብርሃን ኳስ ለሚያነሳ ከዚህ የተሻለ ምርጫ የለም። አይኤስኦ (ካሜራው ለብርሃን ያለው ስሜት) ከ1600 ሲያልፍ ፎቶው ይሻክራል፤ ለማታ አዳራሽ አትመኩበት። ሚሞሪው ሲኤፍ ነው።
- 70ዲ። 19 ክሮስ ነጥብ፣ በሰከንድ 7። ሚሞሪው ኤስዲ ስለሆነ የትም ይገኛል።
- 80ዲ። 45 ነጥብ፣ በሰከንድ 7፣ የመብራት ብልጭልጭታን የሚያስተካክል አሠራር አለው። ኳስም ሰርግም ለሚሠራ ሰው የምንመርጥለት ይህን ነው።
- 7ዲ ማርክ 2። 65 ክሮስ ነጥብ፣ በሰከንድ 10፣ ሁለት ሚሞሪ ይቀበላል። ኳስ ዋና ሥራው ለሆነ ሰው።
- 5ዲ ማርክ 3። 61 ነጥብ፣ በሰከንድ 6፣ ሙሉ ፍሬም (ሴንሰሩ ትልቅ) ነው። ለሁለቱም ይሆናል፤ ግን ሌንሱም ውድ ይሆንባችኋል።
- 6ዲ። ጨለማ ውስጥ የመሀል ነጥቧ ድንቅ ናት፤ ለሰርግ ጥሩ ነው። ከ11 ነጥቦቹ ክሮስ የሆነችው ግን እሷ ብቻ ስትሆን ፍጥነቱም በሰከንድ 4.5 ነው። ለኳስ አትግዙት።

600ዲ እና 700ዲ 9 ነጥብ አላቸው። በ600ዲ ክሮስ የሆነው መሀለኛው ብቻ ነው፤ በ700ዲ ሁሉም ናቸው። ስለዚህ ከሁለቱ ለሚሮጥ ሰው 700ዲ ይሻላል፤ ነገር ግን ሮው (ካሜራው ያላቀናበረው ትልቅ ፋይል) ላይ አድርጋችሁ በተከታታይ ብትተኩሱ ስድስት ሰባት ፎቶ ላይ ይቆማል። ጄፔግ (የተጨመቀው ትንሽ ፋይል) ላይ ብታደርጉት ይተነፍሳል።

ከኒኮን ወገን ዲ7000 (39 ነጥብ)፣ ዲ7100 እና ዲ7200 (51 ነጥብ) ሦስቱም በሰከንድ 6 ያነሳሉ። ዲ7100 በሮው በፈሩ በጣም ጠባብ ነው፤ ዲ7200 በዚህ ረገድ ብዙ ተሻሽሏል። ዋጋቸው ከተቀራረበ ሁለተኛውን ውሰዱ። ዲ500 በሰከንድ 10 ፎቶና 153 ነጥብ ያለው የስፖርት ካሜራ ነው፤ ከሁለቱ የሚሞሪ ቦታዎቹ አንዱ ኤክስኪውዲ የሚባል ውድ ሚሞሪ የሚወስድ መሆኑን ግን አስቡበት።

ጥንቃቄ፦ ስም እንዳያሳስታችሁ። አንድ ካሜራ በተለያየ አገር በተለያየ ስም ይሸጣል። ሪብል ቲ3አይ እና ኪስ ኤክስ5 ሁለቱም 600ዲ ናቸው። ሪብል ቲ5አይ እና ኪስ ኤክስ7አይ ሁለቱም 700ዲ ናቸው። ኪስ ኤክስ7 ተብሎ መጨረሻው ላይ «አይ» ከሌለው ግን ትንሹ 100ዲ ነው፤ በሰከንድ 4 ፎቶ ብቻ ያነሳል። «አዲስ ሞዴል ነው» ተብሎ የሚጠየቀው ጭማሪ አንዳንዴ የስም ለውጥ ብቻ ነው።

ጥንቃቄ፦ የፍላሽ መግጠሚያውን እዩ። ካኖን 2000ዲ፣ 4000ዲ እና 250ዲ ከላይ ባለው የፍላሽ መግጠሚያ መሀል ላይ መሆን ያለባት ክብ ነጥብ የላቸውም። በዚያች ነጥብ ብቻ የሚተኩሱት ርካሾቹ ማንዋል ፍላሾች እዚህ አይበሩም። ገዝታችሁ ፍላሹ ተበላሽቷል ብላችሁ እንዳትደክሙ፤ ችግሩ ቦዲው ላይ ነው።

4. ሌንሱን ምረጡ

በቀን ብርሃን ለኳስ፣ ገንዘብ ላነሰው፣ ካኖን 55-250 ኤስቲኤም በቂ ነው። ኤስቲኤም የሚለው ቃል ሌንሱ ላይ ተጽፎ ካላያችሁ የቀደመው ዓይነት ነው፤ ፎከሱ የዘገየ ነው። 75-300 የሚባለውን ግን በርካሽነቱ አትታለሉ። ሞተሩ ቀርፋፋ ስለሆነ ወደ እናንተ የሚሮጥን ሰው መከተል አይችልም፤ መጀመሪያው ፎቶ ይጠራል፣ የቀረው ሁሉ ይደበዝዛል።

ገንዘቡ ካላችሁ 70-200 ኤፍ 2.8 ነው። ከኤፍ 5.6 ጋር ሲነጻጸር አራት እጥፍ ብርሃን ያስገባል። አመሻሽ ላይ ጨዋታ ሲያልቅ 1/1000ን ሳትለቁ አይኤስኦ 6400 ይሆን የነበረው ወደ 1600 ይወርዳል ማለት ነው። ክብደቱን ግን ከወዲሁ እወቁት፦ ሌንሱ 1.5 ኪሎ ገደማ፣ 7ዲ ቦዲው ደግሞ 820 ግራም ነው። ሁለት ግማሽ ሙሉ በእጅ መያዝ ክንድ ያዝላል፤ ክንድ ሲዝል ፍሬሙ ይዛነፋል። ባለ አንድ እግር ማቆሚያ፣ ማለትም ሞኖፖድ፣ ጨምሩ። ይህ ሌንስ ከበዛባችሁ ኤፍ 4 የሆነው 70-200 ግማሽ ያህል ይመዝናል፤ ለቀን ኳስ ፎከሱ ምንም አያንሰውም።

ለሰርግ ከ17 ወይም ከ18 የሚጀምርና እስከ 50 ድረስ ኤፍ 2.8 ሆኖ የሚዘልቅ ሌንስ ዋናው ነው። ለሙሽሪት ፊት ደግሞ 50 ኤፍ 1.8 ወይም 85 ኤፍ 1.8 ጨምሩ።

ሌንስ ከቦዲ ጋር ሳይጣጣም የሚቀርባቸው ሦስት ቦታዎች አሉ፦

- የካኖን ኢኤፍ-ኤስ ሌንሶች (18-55 እና 55-250 ከእነዚህ ናቸው) 6ዲ እና 5ዲ ላይ አይገጥሙም። በጉልበት አትሞክሩት፤ መስታወቱን ይመታል።
- የኒኮን ዲ3000ዎቹና ዲ5000ዎቹ በውስጣቸው የፎከስ ሞተር የላቸውም። ሞተር የሌለው የቆየ ሌንስ እነሱ ላይ በእጅ ብቻ ነው የሚሠራ። ዲ7000ዎቹ ሞተር አላቸው።
- ኤኤፍ-ፒ የሚባሉት አዳዲሶቹ የኒኮን ሌንሶች ዲ7000 ላይ ፎከስ አያደርጉም።

ሌንስ ላይ የሚጻፈው የመንቀጥቀጥ መከላከያ የእናንተን እጅ እንጂ የሚሮጠውን ሰው አያቆምም። ለኳስ ሲባል ለእሱ ብቻ ተጨማሪ ብር አትክፈሉ።

5. ብር ከመስጠታችሁ በፊት ፈትኑ

ይህ ደረጃ አንድ ሰዓት ይወስዳል። ሻጩ ከቸኮለ ወይም «ካፌ ላይ ተገናኝተን ውሰድ» ካለ ሌላ ቀን ቅጠሩ፤ በቂ ብርሃን ያለበት፣ ሰው የሚሮጥበት ቦታ ይሁን። በተለይ ማታ መብራት ሥር አትግዙ።

ሀ. ውጫዊ አካል። የታች ብሎኖች ጭንቅላታቸው ከተፋቀ ካሜራው ተከፍቷል። ለምን እንደተከፈተ ጠይቁ። የማዕዘን ላይ ስንጥቅ የመውደቅ ምልክት ነው። የሌንሱ መግጠሚያ ብረት ከተጣመመ ሌንሱ በአንድ ጎን ብቻ ይጠራል፤ ይህ ሊስተካከል አይችልም ብላችሁ ቁጠሩት። በሲኤፍ ካሜራ ላይ በእጅ ባትሪ የሚሞሪውን ማስገቢያ አብሩና ጥቃቅን መርፌዎቹን ተመልከቱ፤ አንዲት እንኳ ከታጠፈች ሚሞሪ አያነብም።

ለ. የሻተር ቁጥር። ሻተር እየተነሳ የሚያልቅ ዕቃ ነው። አምራቾቹ ለ70ዲ እና 80ዲ 100,000፣ ለ7ዲና 5ዲ ማርክ 3 እንዲሁም ለዲ7000ዎቹ 150,000፣ ለ7ዲ ማርክ 2 እና ለዲ500 200,000 ጊዜ ይሰጣሉ። ከዚያ በኋላ ወዲያው ይሞታል ማለት አይደለም፤ ከዚያ ያለፈውን ግን በሙሉ ዋጋ አትግዙ።

ብዙ ሻጭ የሚያሳየው የፎቶውን የፋይል ቁጥር ነው፦ «እይ፣ 4213 ብቻ ነው ያነሳሁበት» ይላል። የፋይል ቁጥር 9999 ሲደርስ እንደገና ከ0001 ይጀምራል። 4213 የሚለው ከ94,000 በላይም ሊሆን ይችላል። ኒኮን ከሆነ አሁን ያነሳችሁትን አንድ ጄፔግ ወደ ላፕቶፕ ገልብጣችሁ ኤግዚፍቱል በሚባል ፕሮግራም ክፈቱት፤ የሻተሩ ቁጥር ፋይሉ ውስጥ ተጽፏል። ካኖን ላይ አብዛኞቹ ሞዴሎች ፋይሉ ውስጥ አይጽፉትም፤ ካሜራውን በገመድ ከላፕቶፑ ጋር አገናኝታችሁ የሻተር ቁጥር በሚያነብ ፕሮግራም ማየት ይኖርባችኋል። ፕሮግራሙን ከቤት ሳትወጡ ጫኑና ሞክሩት፤ እዚያ ደርሳችሁ ኢንተርኔት ቢጠፋ ሥራው ይቀራል።

ሐ. የሻተሩ ጤንነት። ነጭ ግድግዳ ፊት ቁሙ፣ ሻተሩን 1/4000 አድርጉ፣ 20 ፎቶ በተከታታይ አንሱ። ሁሉም እኩል ብሩህ መሆን አለባቸው። አንዱ ጥግ ላይ ጥቁር ሰንበር ካለ ወይም ከመሀላቸው ጨለም ያለ ካለ፣ መጋረጃዎቹ እኩል መሄድ አቁመዋል። በዝግታ ሻተር ይህ አይታይም፤ ለዚህ ነው ሻጩ ራሱም ላያውቀው የሚችለው። ፈተናውን በፀሐይ ብርሃን አድርጉት፤ በመብራት ሥር ካደረጋችሁት የመብራቱ ብልጭልጭታ ያሳስታችኋል።

መ. ሴንሰር። ቀዳዳውን ኤፍ 16 አድርጋችሁ ሰማይ አንሱ። ጥቁር ነጠብጣብ ከታየ አቧራ ነው፤ ይጸዳል። ጠብታ የሚመስሉና ዙሪያቸው የደበዘዘ ብዙ ነጠብጣቦች ከሆኑ ግን ከሻተሩ የሚረጭ ቅባት ሊሆን ስለሚችል ለጽዳቱ ከዋጋው ላይ አስቀንሱ። ከዚያ የሌንሱን ክዳን ዘግታችሁ በ1 ሰከንድ አንሱ፤ ቀይ ወይም ነጭ ብርሃን የሚሰጡ ነጥቦች ጥቂት ቢሆኑ ችግር የለውም፤ መሀል ላይ ከተሰበሰቡ ተዉት።

ሠ. ሌንስ። ሁለቱንም ክዳን አውልቃችሁ የእጅ ባትሪውን ከኋላ በኩል በማዘንበል አብሩ። የሸረሪት ድር የመሰለ ነገር ከታየ ሻጋታ ነው። የደሴ ክረምት ጭጋግና እርጥበት ሌንስን በሻጋታ ያጠቃል፤ በተለይ ቆዳ ቦርሳ ውስጥ ከነክዳኑ ታሽጎ የከረመውን። ሻጋታ ያለበትን ሌንስ ከሌሎቹ ጋር አንድ ቦርሳ ውስጥ አታስቀምጡ። ፊቱ ላይ ያለ ትንሽ ጭረት ፎቶ ላይ ብዙም አይታይም፤ የኋላ መስታወት ላይ ያለ ጭረት ግን ይታያል።

ረ. የቆመ ፎከስ። ጋዜጣውን ግድግዳ ላይ በፕላስተር ለጥፉና ሁለት ሜትር ያህል ርቃችሁ በጎን በኩል በ45 ዲግሪ ቁሙ። ቀዳዳውን እስከመጨረሻው ክፈቱ። በመሀለኛው ነጥብ አንድ የተወሰነ መስመር ላይ ፎከስ አድርጋችሁ ሦስት ጊዜ አንሱ፤ በየመሀሉ ሌንሱን ወደ ሌላ አዙሩትና መልሱት። ሦስቱም ላይ ከመረጣችሁት መስመር ይልቅ ወደ እናንተ የቀረበው ጽሑፍ ከጠራ ፎከሱ ወደ ፊት፣ የራቀው ከጠራ ወደ ኋላ ይሄዳል። 7ዲ፣ 70ዲ፣ 80ዲ፣ 5ዲ ማርክ 3 እና ዲ7000ዎቹ ይህን ከውስጥ የሚያስተካክሉበት ሜኑ አላቸው። 600ዲ እና 700ዲ የላቸውም፤ እነሱ ላይ ካያችሁት አትግዙ።

ሰ. የሚሮጥ ፎከስ። ከሁሉም በላይ የሚወስነው ይህ ነው። የሚንቀሳቀስን የሚከተለውን ፎከስ፣ ካኖን ላይ ኤአይ ሰርቮ፣ ኒኮን ላይ ኤኤፍ-ሲ የሚባለውን አድርጉ፤ መሀለኛውን ነጥብ ብቻ ምረጡ፤ ሻተር 1/1000፤ ቀዳዳው ሙሉ ክፍት። ጓደኛችሁ ከ25 ሜትር ርቀት ወደ እናንተ ቀጥ ብሎ ይሩጥ። ነጥቡን ደረቱ ላይ አኑራችሁ እስኪደርስ በተከታታይ አንሱ። ከዚያ ላፕቶፑ ላይ እያንዳንዱን በሙሉ መጠን አሳድጋችሁ ፊቱን እዩ። ከ20 ፎቶ 14 ያህሉ ከጠሩ ጥሩ ነው። መጀመሪያዎቹ ጠርተው እየቀረበ ሲመጣ ከደበዘዙ ሌንሱ ቀርፋፋ ነው፤ ሌላ ሌንስ ገጥማችሁ ድገሙት። ፊቱ ደብዝዞ ከኋላው ያለው አጥር ከጠራ የእናንተ ነጥብ ከደረቱ ወጥቷል ወይም ፎከሱ ወደ ኋላ ይሄዳል፤ ፊደል «ረ» ላይ ያገኛችሁት ውጤት የትኛው እንደሆነ ይነግራችኋል። የጓደኛችሁ ልብስ ጽሑፍ ወይም ሰንበር ያለበት ይሁን፤ ወጥ ጥቁር ልብስ ጥሩውንም ካሜራ ያሳስታል።

ሸ. ባትሪ። 7ዲ፣ 70ዲ፣ 80ዲ እና 5ዲ ማርክ 3 ሜኑአቸው ውስጥ የባትሪ መረጃ አላቸው። የመሙላት አቅሙ በሦስት አረንጓዴ መስመር ይታያል። አንድ ቀይ መስመር ብቻ ከሆነ ባትሪው አርጅቷል። ካሜራው ከባትሪው ጋር መገናኘት እንዳልቻለ ከገለጸ ባትሪው የአምራቹ አይደለም፤ መሥራቱን ይሠራል፣ ግን ስንት በመቶ እንደቀረው ሳይነግራችሁ መሀል ሰርግ ላይ ሊጠፋ ይችላል።

በመጨረሻም ፍላሽ ገጥማችሁ ተኩሱ፤ ሁሉንም ቁልፍ ተጫኑ። የሴሪያል ቁጥሩን ከካሜራው ሆድ ላይ አንብባችሁ ደረሰኙ ወይም ካርቶኑ ላይ ካለው ጋር አስተያዩ፤ ካልገጠመ ወይም ከተፋቀ ዕቃው ከየት እንደመጣ አይታወቅምና ዋጋው ቢያጓጓም ተዉት። ከተስማማችሁ የሴሪያል ቁጥሩን የያዘ የሽያጭ ወረቀት በሁለት ምስክር አስፈርሙ።

6. ከመጀመሪያው ሥራ በፊት አስተካክሉ

ሚሞሪውን ካሜራው ውስጥ ፎርማት አድርጉ። ሚሞሪው ራሱ አስመሳይ እንዳይሆን 32 ጊጋ የተባለውን በላፕቶፕ እስኪሞላ ጻፉበትና መልሳችሁ አንብቡት፤ አስመሳዩ ከተወሰነ ቦታ በኋላ የተጻፈውን አበላሽቶ ይመልሳል። ይህን ሰርግ ላይ ማወቅ ጥፋት ነው፤ ሰርግ አይደገምም።

ፎከሱን ከመተኮሻው ቁልፍ ላይ አንስታችሁ ከኋላ ወዳለው ቁልፍ አዛውሩት። በአውራ ጣት ተጭናችሁ ሰውየውን ትከተላላችሁ፣ በጠቋሚ ጣት ትተኩሳላችሁ። ሌላ ተጫዋች ፊታችሁ ሲያልፍ አውራ ጣታችሁን አንስታችሁ ፎከሱን ታቆዩታላችሁ። መጀመሪያ ላይ እጅ ግራ ይጋባል፤ አብሽሩ፣ ሁለት ሦስት ጨዋታ ላይ ይለመዳል።

አዳራሽ ውስጥ በተከታታይ የተነሱ ፎቶዎች አንዱ ብሩህ፣ አንዱ ጨለማ፣ አንዱ ቢጫ ከወጡ ካሜራው አልተበላሸም። የአገራችን መብራት 50 ኸርዝ ስለሆነ አምፖሎቹ በሰከንድ 100 ጊዜ ይደምቃሉ፣ ይደበዝዛሉ፤ 1/500 ላይ አንዱን ጊዜ ትይዙታላችሁ፣ አንዱን ትስቱታላችሁ። 80ዲ፣ 7ዲ ማርክ 2 እና ዲ500 የደመቀውን ቅጽበት ጠብቀው የሚተኩሱበት ማስተካከያ አላቸው፤ ሜኑ ውስጥ ገብታችሁ አብሩት። ሌሎቹ ላይ ሻተሩን 1/100 አድርጉና እንቅስቃሴውን ለፍላሽ ተዉለት። መብራት ጠፍቶ ጄኔሬተር ሲነሳ ድግግሞሹ ሊዋዥቅ ስለሚችል ጥቂት ፎቶ ሞክራችሁ ቀጥሉ።

7. ደሴና ኮምቦልቻ ሲመላለስ

ሁለቱ ከተሞች 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ይራራቃሉ፤ በከፍታ ግን ከ600 ሜትር በላይ ይበላለጣሉ። ጠዋት ደሴ ላይ ሲቀዘቅዝ ያደረ ካሜራ ሐረጎን ወርዶ ኮምቦልቻ ሙቀት ላይ ሲከፈት፣ ወይም ማታ ከውጭ ወደ ሞቀ አዳራሽ ሲገባ፣ ውስጡ ያለው መስታወት ላይ ጤዛ ይይዛል። የፊቱን በጨርቅ ትጠርጋላችሁ፤ የውስጡ ግን በጨርቅ አይደረስም፤ ቶሎ ይደርቃል ብላችሁ ሌንስ ነቅላችሁ እንዳትከፍቱት፣ እርጥብ አየር ወደ ሴንሰሩ ይገባል። ከደሴ ሳትነሱ ካሜራውን በፌስታል ወይም አየር በማያስገባ ዚፕ ላስቲክ አሽጉት፤ ስትደርሱ እንደታሸገ 40 ደቂቃ ያህል ይቆይ። ጤዛው ላስቲኩ ላይ ይይዛል እንጂ ካሜራው ላይ አይይዝም። ስለዚህ ከሙሽሮቹ ቀድማችሁ ድረሱ።

በበጋ ሜዳው አቧራ ነው። ሁለት ሌንስ ይዛችሁ ከሆነ የምትፈልጉትን ቤት ገጥማችሁ ውጡ፤ ሜዳ ዳር አትቀያይሩ። የግድ ከሆነ ጀርባችሁን ለነፋሱ ስጡና ቦዲውን አፉን ወደ መሬት ደፍታችሁ ቀይሩ።

በክረምት ማስቀመጫው ክዳኑ በደንብ የሚገጥም የላስቲክ ሳጥን ይሁን፤ ከጫማ ካርቶን የምታገኟቸውን የእርጥበት መምጠጫ ከረጢቶች ሰብስባችሁ ውስጡ አስቀምጡ። ሩዝ አታስገቡ፤ ዱቄቱ ሌንስ ውስጥ ይገባል። በየሳምንቱ አውጥታችሁ ሌንሱን ፀሐይ ያለበት መስኮት አጠገብ አቆዩት፤ ቦዲው ላይ እንደተገጠመ ግን ፊቱን ቀጥታ ወደ ፀሐይ አታዙሩት፣ ጨረሩን ሰብስቦ ውስጡን ያቃጥላል።